የከብት ጭርትና የሰውነት የመከላከል ምላሽ፤ ከፎገራ ሜዳ አንፃር

መግቢያ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት ለም መሬት ነው። የአካባቢው ዋና ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ሜዳው በስሙ በሚጠራው የፎገራ የከብት ዝርያ የታወቀ ሲሆን፣ የአብዛኛው ነዋሪ ኑሮም በእርሻና በከብት ርባታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰውና ከብት እንዲህ ተቀራርበው በሚኖሩበት ሥፍራ የጥጃ የቆዳ በሽታ የእንስሳት ሐኪሙ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ በፈንገስ አማካይነት የሚመጣው የከብት ጭርት ነው። በሽታው ከጥጃ ወደ ሕፃን ሲተላለፍ የራስ ቆዳ ላይ ያበጠ፣ ሲነኩት የሚረግብና መግል የሚያወጣ ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ቁስሉ በባክቴሪያ የመጣ እባጭ ስለሚመስል በምላጭ የሚከፈትበትና በፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻ የሚታከምበት ጊዜ አለ። በዚህ ምክንያት ሕፃኑ ያለ ጥቅም ይሠቃያል፤ ትክክለኛው ሕክምናም ይዘገያል፤ በመጨረሻም ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ ሊተርፈው ይችላል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ለማስወገድ ከሁሉ አስቀድሞ እብጠቱ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። እብጠቱና መግሉ በአብዛኛው የሰውነት የመከላከል ምላሽ ውጤቶች ናቸው። ይህ ምላሽ በከብት ላይ በሚገባ የተጠና በመሆኑ፣ ከጥጃው የሚገኘው ትምህርት ለሰው ሐኪምም ይጠቅማል።

ከብትና ሰው በፎገራ ሜዳ

በክረምት ወራት ርብና ጉማራ ሲሞሉና የጣና ውኃ ወደ ዳር ሲሰፋ፣ ዝቅተኛው የሜዳው ክፍል በውኃ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የደረሰው ጎርፍ የዚህ ክስተት ከባድ ምሳሌ ነበር። ውኃው ሲሞላ ከብቶች ወደ ከፍተኛው ዳርቻ ይወጣሉ፤ ሲሸሽም ወደ ሜዳው ይመለሳሉ። ከቅርብ አሠርት ዓመታት ወዲህ የሩዝ እርሻ በመስፋፋቱ የግጦሽ መሬቱ ጠብቧል። በቀረው ግጦሽ ላይም አሜኬላ የተባለው እሾሃማ አረም ተዛምቷል። ስለሆነም ብዙ መንጋ በጠባብ ሥፍራ ይሰማራል፤ የእሾህ ጭረትም ለቆዳ ተሐዋስያን መግቢያ በር ይከፍታል።

ጥጆች ብርድና አውሬ እንዳያገኛቸው ሌሊት በቤት ውስጥ ወይም ከቤት ጋር በተያያዘ ጋጥ ይታሰራሉ። የሚጠብቋቸው፣ የሚያስሯቸውና የሚፈቷቸው አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። ላም የሚያልብ ሰውም ክንዱንና ፊቱን ከላሚቱ ጎን ያስጠጋል። በሰው ላይ ቁስሉ በራስ፣ በፊት፣ በአገጭ፣ በአንገትና በክንድ ላይ የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

የበሽታው መንስዔ

የከብት ጭርት ዋና መንስዔ ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም የተባለው ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ኬራቲን የተባለውን የፀጉርና የቆዳ ቅርፊት ፕሮቲን እየበላ የሚኖር ሲሆን፣ በተለመደው ሁኔታ ሕይወት ወዳለው የሰውነት ክፍል አይዘልቅም። ስፖሮቹ በቆዳ ላይ ካረፉ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጣበቃሉ፤ ቀጥለውም ይበቅሉና ኬራቲንን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን እያመነጩ ወደ ፀጉሩ ሥር ይወርዳሉ። ምልክቱ የሚታየው ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በጥጃ ላይ በዓይን ዙሪያ፣ በፊት፣ በጆሮና በአንገት ላይ ክብ፣ ፀጉሩ የረገፈ፣ ወፍራምና አመድማ ቅርፊት የለበሰ ቁስል ይወጣል። ጥጃው ሌላ ችግር ከሌለበት ቁስሉ ያለ ሕክምና ከሁለት እስከ አራት ወር ውስጥ ይድናል። ነገር ግን የረገፈው ቅርፊት በግድግዳ፣ በካስማና በገመድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በደረቅ ሥፍራ የተቀመጡ ስፖሮች ለዓመታት ሳይሞቱ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ያንኑ ጋጥ የሚረከበው የሚቀጥለው ዓመት ጥጃም ይያዛል።

የመጀመሪያው የመከላከያ መስመር

ቆዳ ፈንገስን የሚከላከለው ገና ከላይኛው ሽፋኑ ጀምሮ ነው። ከቆዳ ወዝ የሚገኙት የስብ አሲዶች የፈንገሱን ዕድገት ይገታሉ፤ የሞቱ የቆዳ ሴሎች ዘወትር መርገፋቸው ፈንገሱን አብሮ ያራግፋል። ትራንስፈሪን የተባለው ፕሮቲንም ፈንገሱ የሚፈልገውን ብረት ይነፍገዋል።

ኬራቲን አምራች የሆኑት የላይኛው ቆዳ ሴሎችም ዝም ብለው የሚጠቁ አይደሉም። በሴሎች ላይ የሚገኙት ዴክቲን 1ና ቲኤልአር 2 የመሳሰሉት ተቀባዮች የፈንገሱን ግድግዳ ስኳሮች ለይተው ያውቃሉ። መልእክቱ ሲደርሳቸው ሴሎቹ ተሐዋስያንን የሚገድሉ አጫጭር ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎችም ወደ ሥፍራው ይጠራሉ። በቁስሉ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን መግል ያዘሉ ሽፍታዎች የእነዚህ ሴሎች ክምችት ናቸው። ስለሆነም መግል መታየቱ ብቻውን የባክቴሪያ መኖር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የቲ ሴሎች ሚና

በሽታውን ከሥሩ የሚነቅለው ግን ዘግይቶ የሚደርሰው በሴል አማካይነት የሚካሄደው ምላሽ ነው። በቆዳ ውስጥ ያሉ አንቲጅን አቅራቢ ሴሎች የፈንገሱን ቁራጭ ይዘው በአቅራቢያው ወዳለው ንፍፊት ይሄዳሉ። በዚያም ቲ ሊምፎሳይቶች ፈንገሱን ለይተው እንዲያውቁት ያደርጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቲኤች 1 የተባሉት ኢንተርፌሮን ጋማን፣ ቲኤች 17 የተባሉት ደግሞ ኢንተርሊኪን 17ን ያመነጫሉ። በእነዚህ ቅመሞች ትእዛዝ ማክሮፌጆችና ኒውትሮፊሎች የመግደል ኃይላቸው ይጨምራል። የላይኛው ቆዳ ሴሎችም በፍጥነት እየተባዙ ፈንገሱን የያዘውን ሽፋን ወደ ውጭ ገፍተው ይጥሉታል።

የጭርት ቁስል ክብ መሆኑም በዚሁ ይገለጻል። ፈንገሱ ካረፈበት ነጥብ ተነሥቶ ወደ ዙሪያው ይስፋፋል። የመከላከል ምላሹ ቀድሞ በተያዘው መካከለኛ ሥፍራ ላይ ሲበረታ ፈንገሱ በዚያ ይጠፋል፤ ባልተነካው ጠርዝ ላይ ግን ዕድገቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መካከሉ እየዳነ ጠርዙ ይቀላል። ለምርመራ የሚሆነው ፍቅፋቂ ከመካከሉ ሳይሆን ከጠርዙ እንዲወሰድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የተያዙ ከብቶች ፈንገሱን የሚቃወም ፀረ-አካል በደማቸው ውስጥ ይገኛል፤ ሆኖም ከበሽታው የሚያድናቸው እርሱ አይደለም። ፈንገሱ የሚኖረው ደም በማይደርሰው ሙት ኬራቲን ውስጥ ስለሆነ ፀረ-አካሉ በቀላሉ አያገኘውም። በአይጦች ላይ በተካሄዱ ሙከራዎችም ካገገመ አይጥ የተወሰደ የደም ሴረም ለሌላው መከላከያ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ቲ ሴሎቹ ግን የመከላከል ኃይሉን አስተላልፈዋል።

ይህ ልዩነት በፎገራና በሊቦ ከምከም ለሠራ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአካባቢው የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ሲረጋገጥ እንደታየው፣ የካላዛር ሕመምተኛ በደሙ ውስጥ ብዙ ፀረ-አካል አለው፤ አርኬ 39 የተባለው ፈጣን ምርመራ የሚለየውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ፀረ-አካሉ ሕመምተኛውን ከበሽታው አያድነውም። ጥገኛ ተሐዋሲውን የሚቆጣጠረው በቲ ሴሎች የሚመራው ምላሽ ነው። የከብት ጭርትም በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ሕግ ይከተላል።

ካገገመ ጥጃ የተገኘው ትምህርት

አንድ ጊዜ ታምሞ የዳነ ከብት እንደገና ለፈንገሱ ሲጋለጥ ወይ ጨርሶ አይያዝም፤ ወይም ቶሎ የሚድን ትንሽ ቁስል ብቻ ያወጣል። በሽታው ከላሞችና ከበሬዎች ይልቅ በጥጆች ላይ የሚበዛበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ተመሳሳይ ነገር በላቦራቶሪ እንስሳ ላይ ቀደም ብሎ ታይቷል። የቆዳ ሐኪሙ ብሩኖ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1908 ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ ከጭርት የዳኑ ጊኒ ፒጎች ለሁለተኛው ልክፈት የሚሰጡት ምላሽ ከመጀመሪያው የተለየ መሆኑን አሳይተዋል። ከፈንገሱ የሚዘጋጀው ትራይኮፋይቲን በቆዳ ውስጥ ሲወጋ፣ ባገገመ እንስሳ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ የሚጠነክር እብጠት ያስነሣል። ይህም ለሳንባ ነቀርሳ ከሚደረገው የቱበርኩሊን ምርመራ ጋር አንድ ዓይነት የዘገየ ምላሽ ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ክትባት አምርቷል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሳርኪሶቭና ባልደረቦቻቸው ሕይወት ያለውን፣ ነገር ግን በሽታ የማስከተል ኃይሉ የተዳከመውን የትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም ዝርያ በመጠቀም ለከብቶች ክትባት አዘጋጅተዋል። ሕይወት ያለው ፈንገስ የተመረጠው በሴል አማካይነት የሚካሄደውን ምላሽ ከሞተው ይልቅ አጥብቆ ስለሚቀሰቅስ ነው። ክትባቱ ለጥጆች በጡንቻ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ይሰጣል።

በኖርዌይ ጋውስዳል በተባለው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በተጀመረው የክትባት ዘመቻ፣ በሽታው የተገኘባቸው መንጋዎች ድርሻ በስምንት ዓመት ውስጥ ከ70 በመቶ ወደ ዜሮ ወርዷል። ከክትባቱ ጎን ለጎን የጋጥ ጽዳት መካሄዱም ለውጤቱ አስተዋጽኦ አድርጓል። በሰው ላይ ከሚደርሱት የፈንገስ በሽታዎች መካከል አንዳቸውም እስከ አሁን እንዲህ በክትባት አልተገቱም። በኢትዮጵያ በመደበኛነት የሚካሄዱት የከብት ክትባት ዘመቻዎች የሚያተኩሩት እንደ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና የከብት የቆዳ ጉርብርብት በመሳሰሉት ገዳይ ወይም ከፍተኛ ኪሳራ በሚያስከትሉ በሽታዎች ላይ ነው። ስለዚህ በፎገራ የሚቀረው መንገድ የታመመውን ጥጃ መለየት፣ ጋጡን ማጽዳትና ሰውን መጠበቅ ነው።

የመከላከል ምላሹ የሚዳከምባቸው ሁኔታዎች

በምግብ እጥረት የተጎዳ ጥጃ ቁስሉ በሰውነቱ ላይ ይሰፋል፤ ለመዳንም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ውኃ በሚተኛበት በፎገራ ሜዳ የተስፋፋው የጉበት ትልም ከብቱን ከማክሳቱ ሌላ፣ የቲኤች 1 ምላሽን እንደሚጫን በከብቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። የቆዳ ፈንገስን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ይኸው ምላሽ በመሆኑ፣ ቆዳው ቶሎ የማይድን ጥጃ ሲገኝ ስለ መኖውና ስለ ውስጥ ጥገኛ ትሎች መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሰውም ላይ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የኤች አይ ቪ ኢንፌክሽን የሲዲ 4 ሴሎችን ሲያመናምን የቆዳ ፈንገስ በሰፊው ይዛመታል፤ መልኩም ከተለመደው ሊለይ ይችላል። ካርድ 9 የተባለው ዘረ-መል በውርስ የተበላሸባቸው ሰዎች ደግሞ ፈንገሱን የሚለዩት ተቀባዮች መልእክት ወደ ሴሎቻቸው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአልጄሪያ፣ ከቱኒዚያና ከሞሮኮ በመጡ 17 ሕመምተኞች ላይ እንደተገለጸው፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ተራ የሚባለው የቆዳ ፈንገስ ወደ ውስጠኛው ቆዳና ወደ ንፍፊት ዘልቆ ለሞት ጭምር አብቅቷል።

ከሁሉ ይልቅ በየዕለቱ የሚያጋጥመው ግን በሰው እጅ የሚመጣው መዳከም ነው። ኮርቲኮስቴሮይድ ያለበት ቅባት በጭርት ላይ ሲቀባ መቅላቱና ማሳከኩ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ሕመምተኛውም የተሻለው ይመስለዋል። በእርግጥ የቀነሰው የመከላከል ምላሹ እንጂ ፈንገሱ አይደለም። ተቃዋሚ ያጣው ፈንገስ በነፃነት ይስፋፋል፤ ክብ ቅርጹም ስለሚጠፋ በሽታውን መለየት አዳጋች ይሆናል።

በሰው ላይ የሚታየው መልክ

በኢትዮጵያ ከራስ ቆረቆር በብዛት የሚለየው ትራይኮፋይተን ቫዮሌሲየም የተባለው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ከሰው ጋር ለረጅም ዘመን የተላመደ በመሆኑ የሚቀሰቅሰው የመከላከል ምላሽ አነስተኛ ነው። በዚህም ምክንያት በሕፃኑ ራስ ላይ ያለ ብዙ ሕመም ለወራትና ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

የከብቱ ፈንገስ ግን ለሰው እንግዳ ስለሆነ የሰው ሰውነት በብርቱ ይቃወመዋል። ከዚህ የሚመጣው በራስ ወይም በጢም ላይ የሚወጣ፣ ኬሪዮን የተባለው ያበጠ፣ ረጋባና ከብዙ ቀዳዳዎች መግል የሚያወጣ ቁስል ነው። ፀጉሩ ሲሳብ ያለ ሕመም ይወጣል፤ በአንገት ላይም ንፍፊት ያብጣል፤ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ይህ ብርቱ ምላሽ ፈንገሱን በስተመጨረሻ ያስወግዳል፤ ነገር ግን የፀጉሩንም ሥር አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። የሕክምናው ዓላማ ይህን ጉዳት በቶሎ መግታት ነው።

ሕክምና በተጀመረ ጊዜ በእጅ፣ በደረት ወይም በጆሮ ዙሪያ የሚያሳክክ ጥቃቅን ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሽፍታ ፈንገስ የሌለበት፣ ሰውነት ለፈንገሱ አንቲጅን የሚሰጠው ምላሽ ነው። የመድኃኒት አለርጂ መስሎ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከከብት ጭርት ጋር የሚምታቱ በሽታዎች

ባለከብቱ የሚናገረው የቆዳ በሽታ ሁሉ ጭርት አይደለም። ደርማቶፊሎሲስ የተባለው በሽታ ስሙና መልኩ ፈንገስ ቢያስመስለውም መንስዔው ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በዝናብ ወራት ይበረታል፤ ፀጉሩን እንደ ቀለም ብሩሽ አጣብቆ የሚያቆም ቅርፊት ያወጣል። አምብሊዮማ ቫሪዬጌተም የተባለው መዥገር የከብቱን የመከላከል ምላሽ በመጫን በሽታውን ያባብሰዋል። ከጭርት በተለየ መንገድ፣ ከዚህ በሽታ መዳን ዘላቂ የመከላከል ኃይል አያስገኝም። መድኃኒቱም እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ ፀረ-ባክቴሪያ ነው።

የቆዳ ጉርብርብት በሽታ ደግሞ በቫይረስ የሚመጣና በመላ ሰውነት ላይ ጠንካራ ጉብታዎችን የሚያወጣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነው። ይህ በሽታ ሰውን አይዝም። እከክ በበኩሉ በጥቃቅን ተባይ የሚመጣና ከብቱን አጥብቆ የሚያሳክክ ነው፤ ጭርት ግን እምብዛም አያሳክክም።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቁ ተግባራት

የራስ፣ የፊት ወይም የክንድ ቁስል ይዞ የመጣ ሕመምተኛ ሲቀርብ በቤቱ ጥጃ መኖሩንና ጥጃው በዓይኑ ዙሪያ ቅርፊት እንዳለበት መጠየቅ ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። ቀጥሎም ከቁስሉ ጠርዝ የተወሰደ ፍቅፋቂና የተነቀለ ፀጉር በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይገባል፤ ይህ ምርመራ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሚቻል ነው። ናሙናው ለፈንገስ ማሳደግ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ከተላከ የከብት ንክኪ መኖሩ በመጠየቂያው ላይ መጻፍ አለበት። ፈንገሱ ከሌሎቹ በተለየ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተሻለ ስለሚያድግ፣ ቲያሚን ስለሚፈልግና እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ ይህ ካልተነገረ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል።

ኬሪዮን በምላጭ መከፈት የለበትም። የራስና የጢም ቁስል በቅባት ብቻ ስለማይድን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለሕፃናት ግሪሲዮፉልቪን በኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይሰጣል፤ ለእርጉዝ ሴት ግን አይሰጥም። ተርቢናፊን በሚገኝበት ሥፍራ ለትራይኮፋይተን ዝርያዎች ተመራጭ ነው። በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ለሚወጣ አነስተኛ ጭርት ክሎትሪማዞል ወይም የዊትፊልድ ቅባት ይበቃል። ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚታዘዘው ባክቴሪያ የተደረበበት መሆኑ ሲታመን ብቻ ነው።

ቤተሰቡ የታመመውን ጥጃ ከሌሎች ለይቶ እንዲያሥር፣ ጥጃውን ከነካ በኋላ እጁንና ክንዱን በሳሙና እንዲታጠብ፣ ከጋጡ የተጠረገውን ቅርፊትና ጉዝጓዝ እንዲያቃጥልና ጥጃውን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲያሳይ መምከር ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ ያደረሰ በመሆኑ ይህን ምክር በየቤቱ ለማድረስ ያመቻል። በአንድ መንደር ሁለትና ከዚያ በላይ ኬሪዮን ያለባቸው ሕፃናት ሲገኙ ለእንስሳት ጤና ክሊኒኩ ማሳወቅ ይገባል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ጥጆች በብዛት ታመው ሲያይ ለጤና ጣቢያው ሊነግር ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የከብት ጭርት በከብት ላይ ራሱን በራሱ የሚገታ በሽታ ሲሆን፣ የሚገታውም በቲ ሴሎች በሚመራው ምላሽ ነው። ይኸው ምላሽ በጥጃ ላይ ዘላቂ የመከላከል ኃይል ያስገኛል፤ በሕፃን ራስ ላይ ግን መግል የሚያወጣ እብጠት ሆኖ ይታያል። ይህን የተረዳ የጤና ባለሙያ እብጠቱን በምላጭ አይከፍትም፤ በስቴሮይድ ቅባትም አይሸፍነውም። ይልቁንም ፀጉር ነቅሎ ይመረምራል፣ ተገቢውን ፀረ-ፈንገስ ለተገቢው ጊዜ ያዝዛል፣ በጋጥ ስላለው ጥጃም ይጠይቃል።